ኑማን ለቴስታ የጠሩበት እሑድ

ሴሮ፣ ሞንቴቪዴዮ
ነሐሴ 12 ቀን 1968

የሆዴ ፍሬ ኒቢያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ ደኅና ነው? እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ የሥጋ ፋብሪካው ክርፋት ከእርጥበቱ ጋር ተጣብቆ መጋረጃው ላይ አድሯል።

ይህን የምጽፍልሽ ትናንት ክለቡ ሜዳ የሆነውን ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። የአጎትሽ ልጅ ጋዜጣ ቆርጦ መላክ ይወዳል። ጋዜጣው ላይ አባትሽ ይስቃል። እንዳታምኚው።

ባለፈው ሳምንት የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶን ኤልቢዮ ራቬካ በመኪና መጣ። አባትሽን ካሰናበተው ወዲህ ደጃችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ በሽቶ ተነክሮ ወጥ ቤቴ ተቀመጠ። የማቴ ሻይ ብሰጠው አባትሽ የጠጣበትን መምጠጫ በመሐረብ ጠርጎ ነው አፉ ውስጥ ያስገባው። ያኔውኑ ማባረር ነበረብኝ።

«ዶና ሶይላ፣ የክለባችን በዓል ነው። ያለ ኑማ ምን በዓል አለ? የሴሮ ግንብ እኮ ነው!»

«ግንቡ ደክሞታል ዶን ኤልቢዮ።»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ገባ ብሎ ለሕዝቡ እጁን ያወዛውዛል፣ በቃ።»

ለክለቡ ፕሬዚዳንትነት ምርጫ እንዳለበት የሰማሁት በኋላ ነው። አባትሽ ግን «ሜዳ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ቀና አለ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበርና እሺ አልኩ።

አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ሁሉን አታውቂም። የታረደ በሬ በትከሻው ሲሸከም አይተው ነው የክለቡ ሰዎች ከፋብሪካው የወሰዱት። እሱን አልፎ ያገባ አጥቂ ለልጅ ልጁ ያወራል ይባል ነበር። የአገር ማሊያም ለብሷል። የዚያን ጊዜ ኳስ ደግሞ ቆዳው ውኃ ከጠጣ ድንጋይ ነው፤ ከሰማይ የወረደውን ሁሉ በቴስታ የሚመልሰው አባትሽ ነበር። ከጨዋታ መልስ ደጃፍ ላይ ሲያስታውክ፣ የገዛ መንገዳችን ሲጠፋበት ሄጄ ብነግራቸው፣ «ተኝቶ ይነሣል» አለኝ ይኸው ኤልቢዮ። ጉልበቱ ሲከዳው አጨብጭበው ሸኙት። ወደ በሬው ተመለሰ።

ትናንት አሮጌ ማሊያ አለበሱት፤ ሆዱ ላይ ተወጠረ። ሕዝቡ ቋሊማውን ያላምጣል፣ ስቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ፎቶ አንሺው «አንድ ቴስታ!» ቢል ሜዳው ሙሉ «ቴስታ! ቴስታ!» እያለ ተቀበለው። ኤልቢዮ በነጭ ካፖርቱ ኳሱን ወረወረለት። አባትሽ መለሰ። እንደገና ወረወረ፤ መለሰ። ግንባሩ ቀልቶ፣ ጭቃው ዓይኑ ውስጥ እየገባ። «በቃ!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ።

ከዚያ አባትሽ ዞር ብሎ፣ «ፒሪስ! አንተ ደደብ በረኛ፣ ውጣ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ፒሪስን ከቀበርነው ስንት ዘመኑ ነው። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤታችን ሩፊና፣ በሐዘኔ ጊዜ አብራኝ ያለቀሰችው፣ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየኋት።

ኤልቢዮ ሳቁ ጣመው። ኳሱን መሬት አድርጎ፣ «ና እስቲ ንጠቀኝ፣ ሽማግሌው!» አለ።

አባትሽም ነጠቀው። እንደ ጥንቱ ሸርተቴ ገባበትና ነጩ ካፖርት ጭቃ ውስጥ ተገለበጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቀን ያየሁት ንጹሕ ነገር ያ ብቻ ነው።

«ይሄን እብድ አውጡልኝ!» አለ ኤልቢዮ።

ግንባችን ሲሉት የዋሉት ሰዎች በብብቱ ገብተው ጎተቱት። ሜዳ ገባሁ። «እጃችሁን አንሱ! ጭንቅላቱን የበላችሁት አይበቃችሁም?» ለቀቁት። ኤልቢዮ ፎቶ አንሺው ሲዞር አይቶ ጥርሱን ገለጠ። «ቀልድ ነው እኮ፣ ዶና ሶይላ።» እግሩ ሥር ተፋሁ። ከዚያ በፊት እናትሽ በሰው ፊት ምራቋን ስትተፋ ያየ ይኖር እንደሆነ እንጃ።

ቤት ወስጄ ጭቃውን አጠብኩለት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ነዎት» አለኝ። «አሁን ልሂድ እመቤቴ፤ ሚስቴ ትሰጋለች።»

ደክሞት ነው። ብርዱም መትቶታል። «ሾርባ ይቅመሱና ይሄዳሉ» አልኩት። ጠጥቶ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ጠዋት ኤልቢዮ ደግሞ መልእክተኛ ላከብኝ፤ ሕዝቡ ሸርተቴዋን ስለወደዳት በሚመጣው እሑድም ኑማ ይምጣልን አለኝ! በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁና የአባትሽን ታኬታ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ቆዳው ሲቃጠል ግማቱ ራስ ያዞራል። ይግማ።

ለገና እመጣለሁ ብለሻል። ከቻልሽ አታቆዪው። ስትገቢ ደግሞ ሮጠሽ አትቀፊው፤ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው። ዓይኑ ትንሽ ደከም ብሏል።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከሰው አፍ ያውጣሽ፣ በሰው አገር የሚያከብርሽ አያሳጣሽ። አባትሽ ስምሽን እየጠራ ይስምሻል።

እናትሽ ሶይላ