የአየለች ፎጣ

ቅዳሜ

ዛሬም አልመጣችም። እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ሳላቀርብ ጠበቅኩ። ዓሣው ደረቀ። ብቻዬን በላሁት፣ እሱንም ግማሹን።

ቦይለሬ ከተበላሸ ሁለተኛ ቅዳሜ መሆኑ ነው። ሳበራው ብሬከሩ ይወርዳል። ከሥሩ ቀይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአየለች ስነግራት ምን አለችኝ? "አይዞህ፣ ስንዱ ቤት እታጠባለሁ።" አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላዘነችም። (እኔን ሴቷን እንደ ወንድ "አይዞህ" ማለት ልማዷ ነው።)

አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣዋን በብብቷ ይዛ ትመጣልኝ ነበር። የእሷ ቦይለር ከሞተ ቆይቷል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሙቅ ውሃ ምን ይሠራል ይላሉ፤ እሷ ግን የዶርዜ ደጋ ልጅ ናት፣ ብርዱ ጉልበቷ ውስጥ ሆኖ አብሯት ወርዷል። ታጥባ ትወጣለች፣ ፀጉሯን ቅቤ እቀባታለሁ፣ ምሳ እንበላለን፣ ሰው እናማለን። ሳምንቴ ማለት ያ ነበር።

ለካ ስትመጣ የኖረችው ለእኔ ሳይሆን ለሙቅ ውሃው ነው?

እሑድ

ከቅዳሴ ሲወጡ አየኋቸው። አንድ ጃንጥላ ለሁለት። ስንዱ ባሏ ከሞተ አምስት ወሯ ነው፣ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ያምርባታል። መክሳቷም አምሮባታል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የእኔስ ባል አልሞተም? ለእኔ ማን ጃንጥላ ያዘልኝ?

ስንዱ ያላት፦ ጣራዋ ላይ ሶላር፣ ሁለት ሮቶ ውሃ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ አባያን የሚያሳይ በረንዳ፣ በባንክ ሥራ የለመደችው ቀስ ያለ አነጋገር። አሁን ደግሞ አየለች።

እኔ ያለኝ፦ ባልዲ።

ሰኞ

ታደለን ጠራሁት። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፣ እሱም አሁን ሸብቷል። ቦይለሩን አውርዶ ከፈተው። ማሞቂያው ብረት ኖራ ተጋግሮበት ክንድ አክሏል። ታንከሩም ከሥሩ ተበስቷል።

"ቲቸር፣ ይሄ አይጠገንም። አዲስ ይግዙ።"

እንደ ስንዱ ሶላር ስቀልልኝ አልኩት። ጣራዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲያው ሰማንያ ሊትር ቦይለር አልኩ። "ግድግዳው አይችለውም። ደግሞስ ለብቻዎ ሠላሳው ይበቃዎታል።"

ለብቻዎ። ማን ጠየቀው? ሃምሳ ላይ ተስማማን። ፊቱን ሳየው ትንሽ የፈራኝ መሰለኝ፣ እንደ ድሮው።

ማክሰኞ

ታች ሲቀላ ሰፈር ወርጄ ቦይለሩን ገዛሁ። ባጃጁ ውስጥ ካርቶኑን አቅፌ ወደ ሰፈሬ ሴቻ ስመለስ ደስ አለኝ። ለአየለች አልነግራትም። ራሷ ትስማ፣ ራሷ ትምጣ።

ረቡዕ

የላንቴ ሙዝ ይዤ ስንዱ ቤት ሄድኩ። ጥየቃ ነው ልል። ሰበብ ነው።

አጥሩ ጋ ስደርስ ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የአየለችን ድምፅ። "አንተ፣ ጀርባህን አዙር።"

አየለች የቀረባትን ሰው ወንድም ይሁን ሴት "አንተ" ነው የምትለው። የጋሞ አማርኛዋ ነው። እኔን እንዲያ ስትጠራኝ ሠላሳ ዓመት ሆናት። የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኝ።

ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው። ለእኔ ቅዳሜ ብቻ፣ ለስንዱ ረቡዕም ተጨመረላት። ጀርባዋንም ታጥብላታለች። የእኔን አንድ ቀን አጥባልኝ አታውቅም።

ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከሙዙ አራቱን መንገድ ላይ በላሁት።

ሐሙስ

ታደለ ቦይለሩን ገጠመው። አዲሱ ነጭ ነው፣ ቀይ መብራት አለው፣ አያንጠባጥብም። ቧንቧውን እያጠበቀ ወሬ ጀመረ።

"ኖራውን በየዓመቱ ካስጠረጉት እንደ እትዬ አየለች ቦይለር ዕድሜ ይኖረዋል። የሷንም የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመት አለፈው። አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።"

የየትኛዋ አየለች አልኩት። የእርስዎ ጓደኛ አለኝ።

ቤቷ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ መታጠቢያዋ ግን ከመኝታ ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ገብቼ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ዋሸችኝ። ቤቷ ውሃው ሞቆ እየጠበቃት ፎጣ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ለምን?

ታደለ ሲሄድ ሻይ እንኳ አላልኩትም።

ዓርብ

ስናደድ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ፣ ከገባኝም በኋላ መናደዴ አልቀረም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ትዝ አለኝ። የባሌ አርባ ካለፈ በኋላ ነበር፣ እንግዳው ሁሉ ሄዶ። ከአልጋ መነሳት ትቼ ነበር። ስንት ቀን እንዳልታጠብኩ አላውቅም። አየለች ፎጣዋን ይዛ መጣች። "ቦይለሬ ሞተ፣ ዛሬ አንተ ቤት ልታጠብ።" እንግዳ ነችና ተነሳሁ። ቦይለሩን አበራሁ፣ መታጠቢያውን ጠረግኩ፣ እንዴት ሳትበላ ትሄዳለች ብዬ ሽሮ ሠራሁ። ከዚያ በየሳምንቱ እንደዚያው።

ረቡዕ የጻፍኩት ውሸት ነው። አጥባኛለች። ያን ቀን "አንተም ና" ብላ አስገብታ ጀርባዬን ያጠበችኝ እሷ ናት። ረስቼው ነበር።

አሁን ተራው የስንዱ ነው። ገብቶኛል። ግን ለእኔ ያደረገችው ለሌላ ሰው መደረጉ ያንገበግበኛል። ደግሞ አዝናልኝ ነበር የምትመጣው ማለት ነው? ወዳኝ ነው? እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ቅዳሜ

ፎጣዬን በብብቴ ይዤ የስንዱን በር አንኳኳሁ።

"ቦይለሬ ሞቶብኝ ነው። ብታጠብ ቅር ይልዎታል?"

ይግቡ ይግቡ ብላ ሮጠች። ንጹሕ ሳሙና አወጣች፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ደግማ ጠረገች፣ ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም ብላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ፊቷ ላይ ትንሽ ቀለም አየሁ። አየለች ወጥ ቤት ተቀምጣ አየችኝ። አዲስ ቦይለር ማስገጠሜን ታደለ ነግሯታል፣ ከዓይኗ አውቄዋለሁ። አንድ ሽንኩርት አንስታ መላጥ ጀመረች።

ታጠብኩ። ውሃዋ ጥሩ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ምሳ ላይ አየለች ስንዱን "አንተ፣ ጨው ጨምር" ስትላት አሁንም ቀናሁ። ቻልኩት። ስንዱ ስለ ባሏ አወራች፣ እኔም ስለ ባሌ አወራሁ፣ ሁለቱም ሲያንኮራፉ ቤት ያንቀጠቅጡ እንደነበር ደረስንበት። ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

አየለች እስከ በሩ ሸኘችኝ።

"ማክሰኞ አንተ ቤት እመጣለሁ" አለችኝ።

ውሃ ላሙቅልሽ? አልኳት፣ ቦይለሬ ሞቷል ማለቴን ረስቼ።

"ውሃ አታሙቅ። ፎጣ አልይዝም።"

ቤት ስገባ ቀዩ መብራት በርቶ አገኘሁት፣ ጠዋት ሳላጠፋው ነው የወጣሁት። ሃምሳ ሊትር ሙቅ ውሃ። ሰሃኖቹን በሙሉ አጠብኩበት፣ ንጹሖቹንም ጭምር። ለማክሰኞ ሦስት ቀን ይቀረዋል።