ለባላምባራስ በሬ የመረጥኩት ቃል

ጥቅምት 26

ዛሬ አሥራ አንድ በሬ ጣልን። አራቱን እኔ ብቻዬን… እሺ፣ ለሜሳ ቀንዱን ይዞልኛል። አንድ ወይፈን ደረቴን ረገጠኝ፤ የወደቀው ግን እሱ ነው! ጎባ ቄራ ውስጥ ከእኔ ካራ የሚፈጥን የለም። አሁን ደግሞ ጽሕፈት ተጨመረበት። ስምንት ወር የማታ ትምህርት፣ አራት ወር እንግሊዝኛ። በሬም እንግሊዝኛም በአንድ እጅ የሚጥል ሰው ባሌ ውስጥ አለ? የለም።

የቄራ ባልደረባዬ ሁንዴ፣ "ፊደል ብትቆጥር በሬው መች አወቀልህ" አለኝ። በጨጓራ ፊቱን አልኩት። ተያያዝን። ከንፈሩን ሰነጠቅሁለት፣ እሱም ቅንድቤን። ከዚያ አብረን ጉበት በላን።

ጥቅምት 27

ፈረንጁ የከብት ሐኪም ለክትባት ደሎ መና ወረደ። እስኪመለስ መዝገቡ በማን እጅ? በእኔ! በሬው ሆድ ውስጥ ከወትሮው የወጣ ነገር ካየሁ ከሦስት ቃል አንዱን መርጬ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ከመሄዱ በፊት በአስተርጓሚ አስረዳኝ። አንዩዡዋል… ብዙ ጊዜ የማይታይ፣ ግን ጉዳት የሌለው። ሥጋው ይበላል። ስትሬንጅ… ምንነቱ ያልታወቀ። ፈረንጁ እስኪያየው ይሰቀል። አብኖርማል… በሽታ። ይቀበራል። የጤና ዘበኛው በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡን ያያል፤ አብኖርማል ካለ ሥጋው የትም ቢሄድ ተከትሎ ያስቀብራል።

"ሁሉም ያው እንግዳ ነገር ማለት አይደለም?" አልኩት።

"አይደለም። አንዱን በሌላው ብትተካ ሰው ይሞታል።"

ለለሜሳ ነገርኩት። "አንተስ የትኛው ነህ?" አለኝ። ኤክስትራኦርዲናሪ… ከሰው ሁሉ የላቀ! እሱ ለከብት አይጻፍም፣ ለእኔ ብቻ ነው።

ጥቅምት 28

የባላምባራስ ኃይለመስቀል በሬ ከሮቤ መጣ፤ ራሳቸውም ተከትለውት። በር ላይ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሊሞት ሲል አንገቱን አልኩት። ደሙ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ይፈሳል… አይረጋም። ለሜሳ ሆዱን ሲከፍት ጣፊያው አብጦ፣ እንደ ጭቃ እጁ ላይ ፈረሰ። ለሜሳ ክንዱ ላይ ደግሞ የቀንድ ጭረት ነበረበት።

"ያ ደምሴ… ይሄ አባ ሰንጋ ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም አውቄዋለሁ፤ ከብቱንም ሰውንም የሚገድል በሽታ ነው። አብኖርማል ልል አፌን ስከፍት ባላምባራስ ሽጉጣቸውን ጆሮዬ ሥር ደገኑ።

"ጻፍ፣ አንተ ጥንብ! በሬዬ ደህና ነው በል። ነገ ለጭሰኞቼ ድግስ አለብኝ።"

"እሺ ጌታዬ፣ እሺ…"

አንዩዡዋል ብዬ ጻፍኩ። ሥጋውን በአጋሰስ ጭነው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ነው የገባኝ። ሰውዬው እንግሊዝኛ መች ያነባሉ! አብኖርማል ጽፌ "ደህና ነው" ብላቸው ማን ያውቅብኝ ነበር? ዘበኛው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ቀርቷል፤ አሁንም መሰረዝ እችላለሁ። ግን ገጹ… እንዲህ ያማረ ገጽ ጽፌ አላውቅም። አንድ ስርዝ የለበትም። ደግሞ ባላምባራስ ቢሰሙስ?

ዘበኛው መጣ። አየ። ሄደ።

ኅዳር 1

ለሜሳ ክንዱ ላይ ቁስል ወጣበት። መሃሉ ጥቁር። "ቁንጫ ነው" ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም ደስ አላለኝ።

ኅዳር 3

የለሜሳ አንገት አበጠ። በየቤቱ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ሠርከአዲስ ዘንድ ወሰድኩት። ለሜሳ፣ "አባ ሰንጋ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ" አለው። ሠርከአዲስ መዝገቡን አስመጣኝ። አነበበ።

"አንዩዡዋል ነው የሚለው። በሽታ የለበትም። ይሄ የተማረ ሰው የጻፈውን ትቼ አንተን ልመን?"

ቅባት ሰጠው። ለሜሳ ቀና ብሎ አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ። ጆሮዬ ሥር ያ ብረት አሁንም ያለ መሰለኝ… መዝገቡን ዘግቼ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

ኅዳር 4

ለሜሳ መተንፈስ አቃተው። አንዩዡዋልን ሰረዝኩት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። አብኖርማል። ለሜሳን አዝዬ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሐኪሙ መዝገቡን አይቶ ወዲያው መርፌ ወጋው። "ቀደም ብለህ ብታመጣው…" አለ።

ከሮቤም ወሬ መጣ። የድግሱን ሥጋ ጥሬውን ከበሉት ጭሰኞች ሦስቱ ሞተዋል።

ኅዳር 5

ለሜሳ ሞተ።

ከሆስፒታል ስወጣ የስርዙ ወሬ የደረሳቸው የኃይለመስቀል ሎሌዎች ጠበቁኝ። "መዝገቡን ማን ሰርዝ አለህ?" በቆመጥ… ሁለት ጣቴ ተሰበረ፣ ጥርሴ ረገፈ። መሬት ላይ እንዳለሁ ደረቴን ረገጡኝ። ሁንዴ ባይደርስ ይጨርሱኝ ነበር። ካራውን መዝዞ የአንዱን ትከሻ ቀደደው። እኔ እጄን አላነሳሁም።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 7

የለሜሳ ሣልስት። ሚስቱ ኦብሴ ሰው ሁሉ ፊት በኦሮምኛ ጠየቀችኝ።

"መጀመሪያ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ጉዳት የለውም ብዬ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

የለሜሳን ዱላ አንስታ ጀርባዬን መታችኝ። ደገመችኝ። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ። "ተዉአት" አልኩ። ዱላው ከእጇ እስኪወድቅ ቆምኩላት።

ተቀመጠች። ተነፈሰች።

"ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። አማርኛ አይቀናኝም፣ አንተ ትናገርልኛለህ። የሽጉጡንም፣ ያንተንም።"

"ያስሩኛል።"

"ይሰሩሃ!"

ኅዳር 8

ነግቷል። ኦብሴ ደጄ ላይ ቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት የኃይለመስቀል ሰዎች ቆመጥ ይዘው… አንዱ ትከሻው ታስሯል። አይታቸዋለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሁንዴ ካራውን ይዞ ልከተላችሁ አለ፤ እንቢ አልኩት።

ፖሊሶቹ ለምን እንዲህ ጻፍክ ቢሉኝ በአማርኛ ነው የምነግራቸው። ፈርቼ ዋሸሁ። መዝገቡ ብብቴ ሥር ነው።

ጠራችኝ። ልውጣ።