ፊውዙ ኪስህ ውስጥ ነበር

ሰበታ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ለሚዜዬ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ ፀዲስ፣ ልጆቹስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እተነፍሳለሁ። የምጽፍልህ ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ባለቤቴ ገለቴ ደህና ናት፤ ሰላምታ ግን አልላከችም።

ልቤ አልፎ አልፎ አንድ ምት ይዘልላል። እስክሪብቶውን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ይመለሳል።

ሐኪሙ ኤሌክትሪክ በእጅ ገብቶ በእግር ሲወጣ ቆዳ ላይ ትንሽ ነው የሚያሳየው፣ የሚጠብሰው ውስጡን ነው አለኝ። መዳፌ ላይ ያለው ቁስል አተር አያክልም። ሽንቴ ግን ኮካ መስሎ ነበር። መርማሪው የሚያየው ክንዴን ብቻ ነው፣ ብልጭታው እጅጌዬን አያይዞ የለበለበውን። «ይሄማ የቤንዚን ነው፤ ፋብሪካ ስታቃጥል ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለ ማስተር ፕላኑ የተቆጣው ሕዝብ ወደ ፋብሪካው ሲመጣ መሰላል ላይ ሆኜ የውሃ ፓምፑን የኤሌክትሪክ መስመር እጠግን ነበር። ደንባችን ነው፤ ከታች ያለው ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ላይ ያለው ወርዶ ትከሻውን ካልነካው አይመልስም። «ሙሽራው፣ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አለሁ» አልከኝ። ከሠርጌ ወዲህ በሌላ ስም ጠርተኸኝ አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ፓምፑን አስነሱ እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያው፣ ወርጄ ትከሻህን ሳልነካው፣ እጄ ሽቦውን ጨበጠ። ልልቀቅ አልኩ፣ አልታዘዘኝም። ልጮህ አልኩ፣ መንጋጋዬ ገጥሟል። አየሁህ። አየኸኝ። ሮጥክ።

በመፍራትህ አልቀየምህም።

ያላቀቀኝ ሊያቃጥሉ ከገቡት አንዱ ነው። ፋብሪካው የቆመው የአባቱ መሬት ላይ ነው። «ሂን ቱቂና፣ አትንኩት» ብሎ ጓደኞቹን ከለከለና በደረቅ አጣና መትቶ ጣለኝ። መርማሪው ስሙን ጥራና ቤትህ ግባ ይለኛል። አውቀዋለሁ። አልጠራውም።

የቀረኝ ያንተ አፍ ነበር። አንተ ግን «መሰላል ላይ አልነበረም፣ ከረባሾቹ ጋር ነው ያየሁት» ብለህ ፈርመሃል አሉ። የክፍሉ ኃላፊ መሆንህንም ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ።

ሐሙስ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ቀና ብለህ ባታየኝም መናገር ትችል ነበር።

ፀዲ ለሐሙስ ጉዞ ሻንጣ ስታዘጋጅ ገለቴ አይታታለች። እግዚአብሔር የሐሙሱን መንገድ ያቅናልህ። ልጆቹን በመስኮቱ በኩል አስቀምጣቸው፣ መኪና ያማቸዋል። ሆሳዕና ከተማ ስትደርስ የእናትህን ጉልበት በእኔ ስም ሳምልኝ። ስለ እኔ ከጠየቁህ ደህና ነው በላቸው።

ወንድምህ