የብርጭቆው ውሃ ፈተና

ሳቂታዬ፣
ኩባንያችን የምርምር ማዕከሉን ቦታ በምን እንደሚመርጥ ብነግርሽ አታምኚኝም፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ! የመሣሪያ ባለሙያው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! እዚህ ንዝረት ካለ ማይክሮስኮፖቹ ዋጋ የላቸውም» አለን። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሱሪውን ሰብስቦ ቁጢጥ አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ውሃው ላይ አፈጠጥን። እኔ ግን የእናንተ ማጀት ትዝ አለኝ፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያችሁ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ፣ ወርዶ በር ሊከፍት የተነሳ የሚመስልበት። ሳቄ አመለጠኝ፤ ውሃውም ተንቀጠቀጠ።

ባለሙያው ሊበላኝ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ምን አሳቀሽ?» አለኝ። የሰፈራችንን ነገር ስነግረው ፊቱ በራ። «ለምርምር አይሆንም። ልንከፍተው ላሰብነው ፋብሪካ ግን የምንፈልገው እንዲህ የጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው! ሠራተኛስ ይገኛል?» አለኝ እልሻለሁ! ጮቤ ልረግጥ ተነሳሁና ብርጭቆው ትዝ ሲለኝ ቁጭ አልኩ።

የፖስታ ካርዱ ሞልቶ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ፣ ለዚያ ነገረኛ ወንድምሽ ኩርኩም። በወሩ መጨረሻ ሰፈራችንን ልናይ እንመጣለን። ብርጭቆውን ከመደርደሪያው እንዳታነሺው። ሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ የሸከፍሽውን ሻንጣ ግን ፍቺው።