የወይዘሮ ፈንታነሽ ጥልፍ

ውድ ገነነ፣

የደብረ ታቦር ብርድ ጣት ያደርቃል፤ ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ትናንት እዚህ የሥዕልና የእጅ ሥራ ሽልማት ሲሰጥ አየሁ። ጥቂት መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው በአንድ መማሪያ ክፍል የጀመሩት ነው፤ ዛሬ ከገሳይም ከአንበሳሜም ሰው ይመጣበታል፣ አዳራሹም ጢም ብሎ ነበር።

ያሸነፉት ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚባሉ የጉና ገበሬ ናቸው። የሟች ባላቸውን መልክ በጥልፍ ሠርተዋል። አንደኛ የወጣ ሥራ አዳራሹ ውስጥ ይቀራል የሚል ደንብ አለ። ይህን ሲሰሙ፣ “እንግዲያስ ሽልማታችሁ ይቅርብኝ፤ ደምሴ ከእኔ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል” አሉ።

በእኛ በሐዋሳው መሥሪያ ቤት ቢሆን ስብሰባ እንጠራ ነበር። አስተባባሪው መምህር ተስፋነህ ግን ባልደረቦቹን ዞር ብሎ አየና፣ “ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን። አያ ደምሴን ይዘዋቸው ይግቡ፣ እናቴ” አላቸው። ሽልማቱንም ሰጧቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽም ጥልፉን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። ግድግዳው ላይ ሚስማሩና ከሥሩ የተጻፈው ስማቸው ብቻ ቀረ፤ ሰዉ ግን እዚያ ሲደርስ ቆም ይል ነበር።

የፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እትዬ አስካለን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። አንተም ደህና ሁንልኝ።

ማቴዎስ