«ደም ደም ነው» ላሉት የሜታቦሎሚክስ ማሠልጠኛ ኃላፊ

ለተከበሩ የማሠልጠኛችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማክበር ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የማይረበሽ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ኖሬ፣ ሰውነት ምግብን ሲያብላላ በደም ውስጥ የሚተዋቸውን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች እየለየ በሽታን የሚደርስበትን ይህን ሙያ ልማር እርስዎ ዘንድ የመጣሁ ሠልጣኝ ነበርሁ። የዋሉልንን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር ስለሆነብኝ በአደባባይ መጻፍን መረጥሁ።

አንደኛ፣ ደም የሚመረምረውን ማሽን በመስታወት በኩል ስላሳዩን እናመሰግናለን። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከላሚቱ ፊት ፎቶ መነሣት እንደሚቻል ያወቅነው በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ በጠየቅናቸው ቁጥር «እሱ ወደፊት ይመጣል» የሚሉ መምህር ስለመደቡልን እናመሰግናለን። ሥልጠናው አለቀ፤ እሱ ግን እስካሁን አልመጣም።

ሦስተኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ ብዕሬ እምቢ አለኝ። በድርቅናዋ የተነሣ ሁላችንም «ደረቋ» የምንላት የሥልጠና ባልደረባዬ እኔ ከምሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደም ሰብስባ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ጥልቅ ማቀዝቀዣ አስቀምጣ ነበር። ከመካከሉ የአንዲት ልብስ ሰፊ እናት የሟች ልጇ ደም ይገኝበት ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ልጆች በተወለዱ በሳምንታቸው ሞተውባታል፤ ሦስተኛውን አርግዛ ሳለ፣ የሚገድልባት ምን እንደሆነ ያ ደም ይነግራት ዘንድ ትጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን እንግዶች የተቀበሉ ዕለት፣ ለንግግርዎ ድምፅ ማጉያ የሚሰካበት ቢጠፋ ማቀዝቀዣው እንዲነቀል አዘዙ። ስለ ምርምር ጥራት ያደረጉት ንግግር ረጅምና ግሩም ነበር። ተጨብጭቦ ሲያልቅ ደሙ ቀልጦ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ተለዋውጦ ቆየን።

ደረቋ ልታመለክት ብትመጣ «መልሰሽ አቀዝቅዢውና ሥራሽን ቀጥይ፤ ደም ደም ነው» አሏት።

«ደም ደም ከሆነማ ማሽኑ ለምን ተገዛ?» አለችዎ። ከተበላሸ ደም ውጤት አልጽፍም በማለቷም «በሥነ ምግባር ጉድለት» አሰናበቷት።

ለእናትየው የነገርናት ሁለታችን ነን። መቀሷን አስቀምጣ ስታበቃ «የሞተ ልጅ ደም ከየት ይመጣልኛል?» አለችን። ልጁ ተወለደ፤ በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት አቆመ፣ ሰውነቱም ዛለ። በሌላ ሆስፒታል ያሉ የላቦራቶሪ ኃላፊ ለደረቋ በራቸውን ከፍተው ማሽናቸውን በገዛ እጇ እንድትሠራበት ስለፈቀዱላት፣ ሰውነቱ ፕሮቲንን በወጉ ማብላላት እንደማይችል ደርሳበት፣ በተለየ ወተት ከሞት አፋፍ ተመለሰ። አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ያን ሁሉ መከራ ባላየ። ትናንት ሳየው ርቦት ቤቱን በጩኸት ያናውጠው ነበር፤ እናቱም እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

የሰጡኝን የምስክር ወረቀት ለግድግዳዬ ስለከበደ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ደረቋ በራቸውን በከፈቱላት ሆስፒታል ማስተማር ጀምራለች፤ እኔም ከእንግዲህ የምማረው ከእሷ ነው።

የክቡርነትዎን ንግግር እስከ መጨረሻው ቆመው ካዳመጡት አንዷ የሆንሁ፣
አክባሪዎ የቀድሞ ሠልጣኝ

ማስታወሻ፦ ልብስ ሰፊዋ እናት ሰኞ ጠዋት ልጇን አዝላ ወደ ቢሮዎ ትመጣለች። እኔ በእርስዎ ማዕከል የሠለጠንሁ ስለሆንሁ በትሕትና ጽፌያለሁ፤ እሷ ግን አልሠለጠነችም።