የፔጆዋ ቱቦዎች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሰዑድ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔን ግን የአባባ አሮጌ ፔጆ ልታሳብደኝ ነው።

አባባ ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች በሙሉ ነቃቅለው ሲያበቁ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ጠፋቸው። ያቺን መኪና ዓይናቸውን ጨፍነው የሚገጥሙት ሰውዬ! ደሴ መካኒክ ጋ እንውሰዳት ብል «መካኒኩ እኔ!» አሉኝ። እንዳይምታታ ብለን አብረን በየቱቦው ጫፍና በየመግቢያው ባለ ቀለም ክር አሰርን፤ ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። በማግስቱ «መኪናዬን ማነው እንደ ሙሽራ በክር ያስጌጣት?» ብለው ተቆጥተው በጣጥሰው ጣሉት። አቤት ያናደደኝ!

እንደ ምንም ብዬ እኔው ገጣጠምኳቸው። ዛሬ ሞተሩ ምንም ሳያንገራግር ተነሳ። ተገላገልኩ ስል አባባ መሪውን ጨብጠው፣ «ሰዑድ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ልሂድና ላምጣው» አሉ።

ሞተሩን አጥፍቼ ትልቋን ቱቦ ነቀልኩና ቀሚሴ ኪስ ከተትኳት። ይኸው ኮፈኑን ከፍተው እየፈለጓት ነው። እኔም አብሬያቸው እፈልጋለሁ።

አብሽር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ብቻ ለዒድ እመጣለሁ ያልከውን እንዳትለውጥ፤ ቱቦዋን የማስረክበው ለአንተ ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ኢቲሳም፣ ከሐይቅ